«ተቀበል» የምንለው እኛ ነን

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ለሚቀጥለው ወር ድምፅ እንዲሰጥበት ተቀጥሯል። አል ሙንተዛህ በምንሰበሰብባት ክፍል በወር አንድ አርብ ለግጥምና ለሙዚቃ የምንሰጣት ሰዓት ትቅርና ጊዜው ለእንግሊዝኛና ለልብስ ስፌት ይዋል ነው ሐሳቡ። እኔ እቃወማለሁ። ስብሰባው ላይ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስለደረሰኝ ያልጨረስኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሐሳቡን ያቀረቡት እህቶች ክፋት የለባቸውም። ሦስት ምክንያት አላቸው፤ ሳላሳንስ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ግጥም በጃዝ የሚባለው ነገር የአዲስ አበባ ሆቴልና የተማረ ሰው ወግ ነው፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ምን አገባት? ሁለተኛ፣ የመጣነው ለሥራ ነው፤ ግጥም ዳቦ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ሰዓቷ ራሷ ተበላሽታለች። ማይኩን ወንዶች ይይዙታል፣ እኛ ቡና እናፈላለን፣ ማታ ደግሞ ቪዲዮአችን ቲክቶክ ላይ ይወጣል።

ሦስተኛው እውነት ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ስለ ጃዝም፣ ስለ ግጥምም፣ ስለ እኛም የተሳሳቱ ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ኮንትራታችንም መታወቂያችንም በዚያው ስለሆነ ለመቁጠር ይቀላል።

ጃዝ የማን ነው?

በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ 40 ልጆች አገኙ። ወላጆቻቸው በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት ያለቁባቸው የሙት ልጆች ናቸው። ነፋሽ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። ራስ ተፈሪ ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸውና የቤተ መንግሥት ባንድ ሆኑ፤ እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» ይባላሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእሳቸውም በኋላ የወንድማቸው ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ለዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት ከጣሉት መካከል ናቸው። እንግዲህ ትራምፔቱም ሳክስፎኑም አገራችን ውስጥ ሥር የሰደደው ወላጅ በሌላቸው ስደተኛ ልጆች ትንፋሽ ጭምር ነው። ጃዝ የሀብታም ነው የምትሉኝ መጀመሪያ ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ፤ ስለ ጌታቸው መኩሪያ። በ1935 ተወለዱ። በልጅነታቸው የነኩት ክራርና ማሲንቆ ነው። በ1949 ገና አፍላ ልጅ ሳሉ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ ክላርኔትና ሳክስፎን እዚያ ያዙ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሄዱ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር መሆኑ ነው። በ1965 ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ አባል ሆኑ። ሥራ ገብተው፣ ሥራ ውለው፣ በወር መጨረሻ ደመወዝ የሚቀበሉ ሰው ነበሩ ማለት ነው። አለቃ ነበረባቸው። ዩኒፎርም ነበራቸው።

እኚህ ደመወዝተኛ ያደረጉትን ስሙ። ሽለላን ሁላችንም እናውቃለን፤ በሠርግ፣ በበዓል፣ በልቅሶም ሰምተናል። ሸላዩ «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል። የአባቱን ስም ይጠራል፣ የዋለበትን ይቆጥራል። ድምፁን ይጎትተዋል፣ ይሰብረዋል፣ ትንፋሹን ውጦ እንደገና ይፈነዳል። ሽለላ ግጥም ነው፤ በቤት የተመታ፣ በትንፋሽ የተለካ ግጥም። ጌታቸው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያንን ሽለላ ከሰው ጉሮሮ ወስደው ሳክስፎን ውስጥ ከተቱት። ቃል የለበትም፤ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ግን እያንዳንዱን ስንኝ ይሰማዋል። የሚጎተተው ድምፅ «ዘራፍ» ሲል፣ ተከትሎ የሚወርደው ጥድፊያ የጀግናውን ውሎ ሲቆጥር፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ እንደገና። መድረክ ላይም የጀግና ካባ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይወጡ ነበር።

በአሜሪካ እንዲህ ያለው ሥርዓት የሰበረ የሳክስፎን ጩኸት «ፍሪ ጃዝ» የሚባለውን ስም ያገኘው ከኦርኔት ኮልማን የ1961 አልበም ነው። የፈረንጅ ሃያስያን የጌታቸውን አነፋፍ ከዚያ ጋር ያመሳስሉታል። እሳቸው ግን የተማሩት ከኒውዮርክ አልነበረም፤ ከሸላይ ነው። ከፈረንጅ የወሰዱት ቧንቧውን ነው፤ ውስጡ ያለው የኛው ነው። «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚል ስም ያለው አልበም ወጣላቸው። በ2004 አምስተርዳም ሄደው ተጫወቱ፤ እዚያ የሰሟቸውን «ዘ ኤክስ» የሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሙዚቀኞች ራሳቸው መርጠው በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረዋቸው ሠሩ። ዕድሜያቸው 70 አልፎ ነበር። በ2016 እስኪያርፉ ድረስ ያው ሽለላ ነው የነፉት።

በአሜሪካም ቢሆን ታሪኩ ከእኛ ቤት አይርቅም። የጃዝ ዘፈን ሲነሣ ስሟ ቀድሞ የሚጠራው ቢሊ ሆሊዴይ፣ በ1956 ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ፣ በልጅነቷ ባልቲሞር ውስጥ የሰው ደጃፍ ደረጃ እየፈተገች ሳንቲም ታገኝ እንደነበር ትናገራለች። የፈተገችው የእብነ በረድ ደረጃ ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ የምንወለውለው የቪላ ደረጃ ከምን የተሠራ ነው?

ግጥምን ከጃዝ ጋር ያጋባው ገጣሚ ላንግስተን ሂውዝ ደግሞ በ1925 ዋሽንግተን ውስጥ ዋርድማን ፓርክ በሚባል ሆቴል የበላተኛ ሳህን አንሺ ነበር። ታዋቂው ገጣሚ ቬቸል ሊንዚ ሊበላ ሲቀመጥ ሦስት ግጥሞቹን ከሳህኑ አጠገብ አኑሮለት ሄደ። በ1958 ያው ሳህን አንሺ ግጥሙን እያነበበ፣ እነ ቻርልስ ሚንገስ እያጀቡት፣ ሸክላ አስቀረጸ። እንግዲህ ግጥም በጃዝን ከፈጠሩት አንዱ ሽርጥ የታጠቀ አስተናጋጅ ነበር። እህቴ፣ አንቺስ ምን ታጥቀሻል?

ግጥም የተማረ ሰው ነው?

«እኔ እኮ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ግጥም የት አውቃለሁ» የምትለኝ እህት አለች። ይቺው እህት ባለፈው ዓመት የወንድሟን መርዶ ሰምታ እዚችው ክፍል ውስጥ ስታለቅስ አንጀታችንን የበላችው በግጥም ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ቤት ይመታ ነበር። ማንም አላስተማራትም። እናቷ ስታንጎራጉር ሰምታ፣ አክስቷ ሙሾ ስታወርድ ሰምታ ያደገች ናት። ወፍጮ ላይ የሚዜመው፣ ሕፃን ሲታዘል የሚባለው እሹሩሩ፣ ለሙሽራ የሚወጣው፣ ለሟች የሚወርደው፣ ይሄ ሁሉ የማን አፍ ሥራ ነው? የሴት ነው። አልቃሽ ስትጠራ የሚመጣው ማነው? ሴት ናት። በአገራችን ግጥም ፊደል ሳይቆጥር የኖረው በእኛ አፍ ነው።

ልኩም አለው። ወል ቤት የሚባለውን ስሙ፤ ስንኙ 12 ቀለም ነው፣ መሐሉ ላይ 6 እና 6 ሆኖ ይከፈላል። እኔ ሌሊት ሥራ ላይ የገጠምኳትን ላሳያችሁ፤

የሰው ቤት ሳበራ ሌሊቱ ሲገፋ፤
የናቴ ኩራዟ ሳልደርስላት ጠፋ።

በጣታችሁ ቁጠሩት። «የሰው ቤት ሳበራ» ስድስት፣ «ሌሊቱ ሲገፋ» ስድስት። ሙዚቀኛው የሚገባባት በር መሐሏ ላይ ያለችው እረፍት ናት። እኔ እዚያ ትንፋሽ ስወስድ እሱ አንድ ድምፅ ያስገባል፤ ሁለተኛውን ስል ዝም ይላል። ስንኙ ሲያልቅ ያልኩትን በመሣሪያው ይደግመዋል፣ ወይም ይከራከረኛል። ጌታቸው በሳክስፎን ብቻቸውን ያደረጉትን እኛ ለሁለት እንከፋፈለዋለን። ግጥም በጃዝ ማለት ይኸው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ቅኝቱስ? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ከወሎ መጥታችሁ ዶሃ ያላችሁ እህቶች፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ተምረው ሲመለሱ ከምዕራቡ ጃዝ ጋር ያዋሃዱት፣ ዓለም «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ የሚያጨበጭብለት ነገር ግማሹ የእናንተ ቀዬ ስም ነው። እና ማነው «ይሄ የኛ አይደለም» ያላችሁ?

ሴት በዚህ ጥበብ ውስጥ እንግዳም አይደለችም። አስናቀች ወርቁ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር በነበረበት ዘመን ወጥተው በተውኔት ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያት አንዷ ናቸው። ከዚያ በፊት የሴቷንም ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ክራራቸውን ይዘው ግጥሙን እዚያው በዚያው ይፈጥሩት ነበር፤ በ2011 አረፉ። በእኛ ዘመን ደግሞ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ውስጥ በየወሩ አዳራሽ ይሞላ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ሲነሣ ምስራቅ ተረፈና ምሕረት ከበደ አብረው ይነሣሉ። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም ገጣሚዎች ናቸው። ማንም መድረኩን አላበደራቸውም፤ ከመሠረቱት ናቸው።

አንድ ነገር ላክል። ከመካከላችን ሙዚቃ የማይሰሙ እህቶች አሉ፤ በሃይማኖታቸው ምክንያት። ይከበራል። የወሎ መንዙማ ከማንም የማያንስ ግጥም መሆኑን እነሱ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። የእነሱ ተራ ሲደርስ ኦርጋኑ ይዘጋ፣ ስንኙ ብቻውን ይሰማ። በጾም ወቅትም እንደዚሁ። ሰዓቷን ለማስቀረት ግን ይሄ ምክንያት አይሆንም።

ዳቦና ግጥም

«የመጣነው ለሥራ ነው» ለሚሉት ኃይሉ መርጊያን እጠራለሁ። በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ። አኮርዲዮንና ኦርጋን ተጫዋች ናቸው። ዋሊያስ ባንድ ውስጥ ሆነው አዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሠሩ፤ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ተመልካቹም ሙዚቀኛውም እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ለዝግጅት ሄደ፣ እሳቸውም እዚያው ቀሩ። እንደኛው ማለት ነው። በ1985 አንድ ካሴት አወጡ፤ ከዚያ መድረኩ ቀስ እያለ ጠፋ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሹፌር ሆኑ።

ታክሲያቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ኪቦርድ ነበር። ደላስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ያወጡትና የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይለማመዱ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ካሴታቸውን አንድ አሜሪካዊ ኢትዮጵያ ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደገና ታተመ፣ በዓለም መድረክ መዞር ጀመሩ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ወጣላቸው።

ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ምክር ያወራዋል፤ «አየሽ፣ እሳቸው ታክሲ እየነዱም ጊዜ አገኙ፣ አንቺ ምን ቸገረሽ?» ይላል። እኔ ከዚህ ምክር ጋር ጠብ አለኝ። የታክሲ ተራ የሹፌሩ ጊዜ ነው። ወረፋው እስኪደርስ ማንም አይጠራውም። የሰው ቤት ውስጥ ግን ተራ መጠበቂያ የለም። ሕፃኑ ሲተኛ ሳህኑ አለ፣ ሳህኑ ሲያልቅ ብረት ምጣዱ ይቀጥላል፣ አንቺ ስትተኚ ደወል አለ። ስለዚህ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ለእኛ የሚለው «ልፊ» አይደለም። የሚለው፣ ሰው ጥበቡን ይዞ ሊቆይ የሚችለው የራሱ የሆነች ጊዜ ስትኖረው ነው፣ አንድ ሰዓትም ብትሆን።

ያቺ ጊዜ ደግሞ ሕግ አላት። በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 15፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ በየሳምንቱም ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ከነክፍያው እንዲሰጥ ይላል። ብዙዎቻችን ይሄን ኦፍ ለማግኘት ስንት ወር እንደተከራከርን፣ አሁንም ያላገኙ እንዳሉ እናውቃለን። ታዲያ ተከራክረን ያገኘነውን ቀን በሙሉ የተሻለች ሠራተኛ ለመሆን ብቻ እናውለው? እንግሊዝኛውም ስፌቱም ጥሩ ነው፤ እኔም ተመዝግቤያለሁ። ግን ሕጉ 24 ሰዓት ያለው ማዳም ነገ ይበልጥ እንድትደሰት አይደለም። ሰው ስለሆንን ነው። ሰው ደግሞ ይናገራል።

ስሌቱንም እንየው። በወር ቢያንስ አራት አርብ አለ። ግጥሟ የምትወስደው ከአንዱ አርብ አንድ ሰዓት ነው። እንግሊዝኛው ሦስቱን አርብ ሙሉ ይውሰድ፣ አራተኛውንም ከግጥሟ በፊት ይውሰድ። የጊዜ እጥረት አይደለም ያጣላን።

ዳቦን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ግጥም ዳቦ አይሆንም፣ ልክ ነው። ግን ዳቦ የተከለከለች ሴት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ነገሩን መናገር መቻል ነው። ከ2021 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ ግን ሰው ፊት ቆማ «እኔ ይህን ያህል አልተከፈለኝም» ማለት የሚያሳፍራት ስንት አለች? ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እህታችን አምስት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት ለኮሚቴ ለመናገር አፍራ ቆይታ፣ የግጥሙ ሰዓት ላይ ግን በሰምና ወርቅ ተናገረችው። ሰሙ ስለ ደረቀ ምንጭ ነበር። ወርቁ ሁላችንም ገባን። በሚቀጥለው አርብ ሦስት ሆነን አብረናት አቤቱታ ልናስገባ ሄድን። ሰምና ወርቅ የጥንት ሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ከመሰላችሁ፣ የማንንም ስም ሳትጠሩ፣ ማንም ሳይከሳችሁ እውነት የመናገሪያ መሣሪያ መሆኑን ልብ በሉ። ለሰው ቤት ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ ማን ሰጣት?

የተበላሸውን እናስተካክል

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ እውነተኛው ቅሬታ። ሰዓቷ ተበላሽታለች። እንዴት እንደተበላሸች በግልጽ እንነጋገር።

አንደኛ፣ ወንድሞቻችን ማይኩን ይዘው ስለ እኛ ይገጥማሉ። በግጥማቸው ውስጥ እኛ ወይ ቦሌ በሳጥን የምንደርስ ሬሳ ነን፣ ወይ ቤተሰብ የምታስተምር ሻማ። ሬሳ አይናገርም፣ ሻማም አይናገርም። ሐዘናቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ በሕይወት እያለሁ፣ ቡና እያፈላሁላቸው ነው የሚያለቅሱልኝ። ኧረ ጠይቁኝ! ስለ ድካሜ ብቻ አይደለም የምነግራችሁ። ስለሚያስቀኝ፣ ስለሚያናድደኝ፣ ስለወደድኩት ሰውም እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛ፣ ኦርጋኑ። ማንም ምንም ቢያነብ ከሥሩ ትዝታ ይለቀቃል፣ ድምፁም ከግጥሙ ይበልጣል። ይሄ ማጀብ አይባልም። ቀልድ የያዘ ግጥም በትዝታ ይሞታል። ንዴት ያለበት ግጥም እንደ ጌታቸው ያለ ሽለላ ነው የሚፈልገው፣ ወይም ዝምታ።

ሦስተኛ፣ ስልኩ። ቪዲዮዋ ያለ ፈቃዷ ወጥቶ አሠሪዎቿ አይተውባት ሥራዋን ያጣች እህት አለችን። ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ የሰው እንጀራ ነው።

መድኃኒቱን ከሩቅ አላመጣም፤ ከአዝማሪ ቤት ነው የማመጣው። እዚያ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይቆማል፤ የተቀመጠው ሰው «ተቀበል!» ይለዋል። ከዚያ ስንኙን ይሰጠዋል፣ አዝማሪውም በዜማ ተቀብሎ ይደግመዋል። ልብ በሉ፣ ግጥሙ የሚመጣው ከተቀመጠው ሰው ነው። ሙዚቀኛው ተቀባይ ነው። ሙያው መስማት ነው፤ ካልሰማ መድገም አይችልም። እኛ ስድስቱን ቀን ተቀባዮች ነን። ማዳም ትላለች፣ እንቀበላለን። ልጆቹ ይላሉ፣ እንቀበላለን። ደላላው ብሏል፣ ተቀብለናል። በወር አንዲት ሰዓት «ተቀበል» ባዮቹ እኛ እንሁን ነው የምለው።

ስለዚህ ሰዓቷን እንድንዘጋ ከሚጠይቀው ሐሳብ ፋንታ ይህ ድምፅ ይሰጥበት፤

አንደኛ፣ በሰዓቷ ውስጥ ስንኝ የሚሰጡት እህቶች ይሁኑ። ወንድሞች እንኳን ደህና መጡ፤ መሣሪያ ያለው መሣሪያ ይያዝ፣ የሌለው ቡናውን ያፍላ። ወንድ ቡና ሲያፈላ ሰማይ አይወድቅም።

ሁለተኛ፣ ቅኝቱን የምትመርጠው ገጣሚዋ ናት። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ስንኝ ዝም ብሎ ይስማ፣ ከዚያ ይግባ። «ያለ ሙዚቃ» ካለች ያለ ሙዚቃ።

ሦስተኛ፣ ስልክ በር ላይ ባለው ቅርጫት ይቀመጥ። ራሷ መቀረፅ የፈለገች እህት ራሷ ትጠይቅ፣ ድምፅ ብቻ ወይም ፊቷን ጭምር መሆኑን ራሷ ትወስን።

አራተኛ፣ መጻፍ የማትችል እህት ግጥሟን በስልኳ በድምፅ ትያዝ። የምንጽፍላት እንኖራለን፤ ከፈለገች በስሟ፣ ካልፈለገች ያለ ስም በዚህ መጽሔት ይውጣ።

አምስተኛ፣ ኪራይ አይጨመር። ለሙሉ ባንድ የሚሆን ገንዘብ የለንም፣ አያስፈልገንምም። አንድ ክራር ይበቃል። ክራርም ከጠፋ ጭብጨባ አለ፤ እናቶቻችን ከዚያ በላይ አልነበራቸውም።

ሰዓቷ በዚህ መልክ ስድስት ወር ትሞከር። ከስድስት ወር በኋላ አሁንም ወንዶች ብቻ የሚናገሩባት፣ እኛ ጥግ ላይ የምንቀመጥባት ከሆነች፣ የመጀመሪያዋ ይዘጋ ባይ እኔ እሆናለሁ። ሳይሞከር ግን አይዘጋም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን ከጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ሲያሻግሩ «ይሄ መሣሪያ የኛ አይደለም» ብለው ቢተዉት ኖሮ ዛሬ በሽለላ የሚናገር ሳክስፎን ባልሰማን። ኃይሉ መርጊያ ኪቦርዱን አውጥተው ሻንጣ ብቻ ቢጭኑበት ኖሮ «ላላ በሉ» አይኖርም ነበር። ሁለቱም ሠራተኞች ነበሩ። የጠበቁት አንድ ነገር ነው፤ የራሳቸውን ድምፅ የሚያሰሙበትን ጊዜ።

ድምፅ የሚሰጥበት አርብ አል ሙንተዛህ ለመድረስ ኦፍ ያላገኘች እህት ድምፅዋን በጓደኛዋ በኩል ትላክ፤ ኮሚቴው እንዲቀበል ጠይቄያለሁ። የመጣችው ደግሞ እጇን ከማንሳቷ በፊት አንድ ስንኝ ታስብ፣ 6 እና 6። ከድምፁ በኋላ ተራ እንይዛለን። ኦርጋን ተጫዋቹ ወንድማችን ጆሮህን አዘጋጅ።

ተቀበል!